የመብራትና የውሃ ሂሳብ በራስ እጅ መቀነስ፦ ከቆጣሪው ጀምሩ

«መብራት የሚቆጥብ ዕቃ ምን ልግዛ?» ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ጎረቤት ይጠይቃል። ዘመድ የቢሉን ፎቶ ልኮ ይጠይቃል። የውሃውም ነገር ያው ነው፦ «እኛ እኮ ሁለት ሰዎች ነን፤ እንዴት ይህን ያህል ይመጣል?» መልሴ ሁሌም አንድ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል። መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ቆጣሪውን አንብቡ።

በአንድ የአዲስ አበባ ቤት መብራቱን በዋናነት የሚበላው አምፖል አይደለም። የሚያሞቅ ዕቃ ነው፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ቦይለር። ውሃውንም ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው በዓይን የሚታየው ቧንቧ ሳይሆን ድምፁን አጥፍቶ የሚያፈስ የሽንት ቤት ሳጥን ነው። ሁለቱ ደግሞ የተያያዙ ናቸው። ፓምፕ ባለበት ቤት የሚፈስ ውሃ መብራትም ይዞ ይፈሳል። የሚፈሰው ሙቅ ውሃ ከሆነማ ይብሳል።

ታሪፉም በደረጃ የተከፈለ መሆኑን አትርሱ። የመብራቱ የመጀመሪያ ደረጃ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው (አንድ ኪሎዋት ሰዓት 1000 ዋት የሆነ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ነው)፤ የመጨረሻው ከ500 በላይ ነው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። የውሃ ሂሳብም በኪዩቢክ ሜትር እንዲሁ በደረጃ ይሄዳል። አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አብዛኛው ቤት ውስጥ አለ። የጎደለውን ከሰፈር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ታገኛላችሁ።

- ደብተርና እስክሪብቶ፣ የስልክ ሰዓት
- ልኩ የታወቀ ባልዲ (10 ሊትር ቢሆን ሂሳቡ ይቀላል)
- ወረቀት ማጣበቂያ ፕላስተር
- የምግብ ቀለም፤ ከሌለ የቀይ ሥር ጭማቂ
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ
- ቴፍሎን፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ጎሚኒዎች
- አቼቶና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
- ክዳን ያለው የአንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ
- ፔርሙዝ

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት

የመብራት ቆጣሪውን ክዳንም ሆነ ማኅተሙን አትንኩ። ማንበብ የእናንተ ነው፤ መክፈት የእናንተ አይደለም። ቦይለር፣ ምጣድ ወይም ፓምፕ ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ፣ ወይም ውሃ የፈሰሰበት ወለል ላይ ቆማችሁ ሶኬት አትንኩ። ሽቦ መቀጠል፣ ብሬከር መቀየርና የመሬት መስመር መዘርጋት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። እዚህ ያሉት ደረጃዎች ያን አይጠይቁም።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ሁለቱንም ቆጣሪ መዝግቡ

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቁጥሩን ጻፉ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ይመቻል። የመብራቱን በኪሎዋት ሰዓት፣ የውሃውን በኪዩቢክ ሜትር መዝግቡ። የውሃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ኪዩቢክ ሜትር ናቸው፤ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ሊትር ያሳያሉ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር 1000 ሊትር ነው። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ የቀረውን መጠን ጻፉ፤ ካርድ የሞላችሁበትን ቀን ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት።

ከጎኑ የቀኑን ሥራ በሁለት ቃል አስፍሩ። «እንጀራ ጋገርን።» «ልብስ ታጠበ።» «እንግዳ ነበር።» ሳምንቱ ሲያልቅ የትኛው ቀን እንደዘለለና ለምን እንደዘለለ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል። ያለዚህ የምታደርጉት ሁሉ ግምት ነው። አምፖል ትቀይሩና ቢሉ ቢወርድ በአምፖሉ ይሁን ያን ወር እንግዳ ስላልነበረ አታውቁም።

ቆጣሪ ከአከራይ ወይም ከጎረቤት ጋር የምትጋሩ ከሆነ ከሁሉም ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ላይ አድርጉት። ብቻችሁን ብታነቡ የሌላውን ሰው ምጣድ ነው የምትመዘግቡት።

ደረጃ 2፦ ሁሉን አጥፍታችሁ የመብራት ቆጣሪውን እዩ

ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ከአጠገቧ 1000 ወይም 1600፣ አንዳንዴ 3200 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ይህ ማለት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲያልቅ መብራቷ ያን ያህል ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው።

1. ፍሪጁን ጨምሮ ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ፤ መብራቶችን አጥፉ። የቦይለሩን ብሬከር አውርዱ።
2. ቆጣሪው ጋ ሂዱና ለአምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ብልጭታ ከሌለ ጥሩ ነው።
3. ብልጭ ካለች በአንዱ ብልጭታና በሚቀጥለው መካከል ስንት ሰከንድ እንደሆነ ለኩ።
4. ቁጥሩ 1000 ከሆነ 3600ን ለሰከንዱ አካፍሉ። 1600 ከሆነ 2250ን፣ 3200 ከሆነ 1125ን አካፍሉ። መልሱ በዋት ነው።

ለምሳሌ 1600 የሚል ቆጣሪ በየ18 ሰከንዱ ብልጭ ቢል 2250 ÷ 18 = 125 ዋት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ቀን ከሌት ስትሄድ ግን በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 90 ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠቀምበት። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ ብልጭታው የቆመበትን መስመር ያዙ። የተረሳ የግቢ መብራት፣ ሥራውን የማያቆም ፓምፕ ወይም የሌላ ቤት መስመር ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ካልተገኘ ሽቦው ወደ መሬት እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ጥሩ።

ይቺው ዘዴ ለማንኛውም ዕቃ ትሠራለች። አንዱን ዕቃ ብቻ ክፈቱና ቁጠሩ፤ ምን ያህል እንደሚበላ በደቂቃ ውስጥ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 3፦ የውሃ መስመሩን ለሁለት ከፍላችሁ ፈትሹ

«ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ቢዞር የሚያፈስ አለ» የሚለውን ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ታንከር ባለበት ቤት ይህ ብቻውን ያሳስታል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቆጣሪው የሚዞረው ታንከሩን ለመሙላት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሁለት ክፈሉት።

ሀ. ከቆጣሪው እስከ ታንከሩ። መስመሩ ላይ ውሃ ባለበት ቀን የታንከሩን መግቢያ ዝጉ። ከመስመር በቀጥታ የሚቀዳ የግቢ ቧንቧ ካለም ዝጉት። ከዚያ ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ መሰል ጠቋሚ ተመልከቱ። የሚንጠባጠብ ውሃ እንኳ ያዞራታል። ከዞረች መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ እያፈሰሰ ነው። ግቢው ውስጥ ያለ ምክንያት የረጠበ ወይም ሣሩ ከሌላው ለይቶ የለመለመ ቦታ ፈልጉ።

ለ. ከታንከሩ እስከ ቤቱ። የታንከሩ መግቢያ እንደተዘጋ ይሁን። ውስጡ ያለው ውሃ የደረሰበት ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ታንከሩ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ንጹሕ እንጨት ከላይ አስገብታችሁ ለኩ። ለሦስት ሰዓት ማንም ውሃ አይጠቀም። ተመልሳችሁ እዩ። የታንከሩ ወገብ ከዳር እስከ ዳር 110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአንድ ሴንቲ ሜትር መውረድ 9.5 ሊትር ገደማ ነው። በሦስት ሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ከወረደ በቀን 76 ሊትር እየሄደ ነው።

ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ ሌሊት ጆሮ ስጡት። በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ፓምፑ ለራሱ ተነሥቶ ትንሽ ጮኾ ከቆመ፣ የሆነ ቦታ ግፊቱ እየወረደ ነው። ከዚህ የተሻለ የማፍሰስ ምልክት የለም።

ደረጃ 4፦ የሽንት ቤቱን ሳጥን

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሁሉም በላይ ውሃ የምታገኙት ከዚህ ነው።

1. የሳጥኑን ክዳን በሁለት እጅ አንሡና ሊወድቅ የማይችልበት ቦታ አስቀምጡት። ሸክላ ስለሆነ ይሰበራል።
2. የምግብ ቀለም ወይም የቀይ ሥር ጭማቂ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ጨምሩ።
3. ለግማሽ ሰዓት ማንም አያፍስሰው።
4. መቀመጫው ውስጥ ያለውን ውሃ እዩ። ቀለም ካለበት ሳጥኑ እያፈሰሰ ነው።

አሁን የት እንደሚያፈስ ለዩ። ሳጥኑ ውስጥ መሐል ላይ የቆመ ባዶ ቱቦ አለ፤ ትርፍ ውሃ የሚወርድበት ነው። ውሃው እስከ ቱቦው አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ እየገባ ከሆነ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ በታች ሆኖም ቀለሙ ከወረደ ጥፋቱ ከታች ያለው ላስቲክ ነው።

ተንሳፋፊው ከሆነ፦ ብሎን ካለው በካቻቢቴ አዙራችሁ ዝቅ አድርጉት፤ የናስ ዘንግ ካለው በቀስታ ወደ ታች አጉብጡት። ውሃው ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ዝቅ ብሎም ካልዘጋ የመሙያው ቫልቭ አልቋል፤ ሙሉውን ቀይሩት። ሳጥኑ ከመንገዱ መስመር በቀጥታ የሚሞላ ከሆነ ፈተናውን ማታ ድገሙት። ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቀን የዘጋ ቫልቭ ሌሊት ሊያሳልፍ ይችላል።

ላስቲኩ ከሆነ፦ ከሳጥኑ ሥር ያለውን መዝጊያ ዝጉና ውሃውን አፍስሱ። ላስቲኩን አውጥታችሁ በጣታችሁ እሹት። ጣታችሁን ጥቁር ካደረገው ወይም ጠርዙ ተጣሞ ከሆነ ሞቷል፤ ናሙናውን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ገና ለስላሳ ከሆነ ምናልባት ቆሻሻ ነው የያዘው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ያ አሸዋ ላስቲኩ የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ይቀራል። በጨርቅ ጠርጋችሁ መልሱት። ከዚያ የቀለሙን ፈተና ድገሙ። ሳትደግሙ ሠራሁ አትበሉ።

ሳጥኑ የድሮ ትልቁ ከሆነ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ከተንሳፋፊው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በቀን 20 ጊዜ በሚፈስበት ቤት በወር 600 ሊትር ይተርፋል። አንዴ አፍስሳችሁ ካልጸዳና ሁለቴ ማፍሰስ ካስፈለገ ግን ጠርሙሱን አውጡት፤ ኪሳራ ነው። ሁለት ቁልፍ ያለው አዲሱ ዓይነት ላይ አታድርጉ፤ ለትንሽ ውሃ ብሎ የተሠራ ነው።

ደረጃ 5፦ የሚንጠባጠበው ቧንቧ

መጀመሪያ ለኩት። ከሥሩ ብርጭቆ አድርጉና ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን በ24 አባዙ። የቀኑን መጠን ስታዩ ለነገ አታሳድሩትም።

1. የመስመሩን መዝጊያ ዝጉ፤ ቧንቧውን ክፈቱና ውስጡ የቀረው ይውረድ።
2. የማፍሰሻውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። ትንሿ ብሎን እዚያ ከገባች አትወጣም።
3. እጀታውን በካቻቢቴ፣ አንገቱን በመፍቻ ፍቱ። ቀለሙ እንዳይላጥ መፍቻው የሚይዝበት ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉ።
4. ጫፉ ላይ ያለውን ጎሚኒ አውጥታችሁ ልክ በእርሱ መጠን ቀይሩ። አዲሱ ዓይነት ቧንቧ ጎሚኒ የለውም፤ ሴራሚክ የውስጥ ዕቃ ነው ያለው፤ እርሱን ሙሉውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያዩ።
5. ጥርሱ ላይ ቴፍሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ስታጠብቁት ተገፎ ይወጣል።
6. መልሳችሁ ግጠሙ፤ መዝጊያውን በዝግታ ክፈቱ።

ደረጃ 6፦ ሻወሩና የቧንቧው ጫፍ

ሻወሩን ሙሉ ከፍታችሁ 10 ሊትሩን ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኩ። በአንድ ደቂቃ ከሞላ ስምንት ደቂቃ መታጠብ 80 ሊትር ነው። ከደቂቃ በታች ከሞላ ቀዳዳው ጠበብ ያለ የሻወር ራስ መግዛት ያዋጣል። እዚህ የሚቀንሰው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ያሞቃችሁት ውሃ ነው።

የቧንቧ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ደግሞ ፍቱና አቼቶ ውስጥ አሳድሯት፤ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ እሿት። ወንፊቷ ስትዘጋ ብዙ ሰው ነቅሎ ይጥላታል። አትጣሏት። አየር ቀላቅላ ውሃው ሳይረጭ በትንሹ እንዲበቃ የምታደርገው እሷ ናት።

ደረጃ 7፦ ቦይለሩ

50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ የማይቀር ሂሳብ ነው። የሚቀረው ሌላው ነው፦ ቀኑን ሙሉ በርቶ የሚውል ቦይለር በግድግዳው በኩል ሙቀት እያጣ፣ ያጣውን መልሶ እያሞቀ ይውላል።

1. በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ አብሩት። 1500 ዋት የሆነ 50 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ለመሞቅ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። 30 ሊትሩ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለአንድ ሰው ከሆነ ከዚያ ባነሰ አጥፉት።
2. ቤተሰቡ ተከታትሎ ይታጠብ። ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ከሆነ ሁለቴ ታሞቃላችሁ።
3. ማስተካከያ ካለው 60 ላይ አድርጉት። 75 ላይ አድርጎ ቀዝቃዛ መቀላቀል ሙቀት ማባከን ነው። ከ50 በታችም አታውርዱት፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል።

«ማጥፋትና ማብራት የበለጠ ይበላል» የሚባለው ልክ አይደለም። ውሃው ሙቅ ሆኖ በቆየ ቁጥር የሚያጣው ሙቀት ይበዛል። ቀዝቅዞ ከቆየ የሚያጣው የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃ ጠፍቶ ከነበረ ቦይለሩን ከማብራታችሁ በፊት የሙቁን ቧንቧ ክፈቱና ውሃ በደንብ መምጣቱን እዩ። ውሃ የሌለበት ቦይለር ሲበራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ሌላው፣ ቦይለሩ ሲሞቅ ከሥሩ ካለችው ሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ አትድፈኑት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መውጫው እሷ ናት። እሷን መድፈን ቦይለሩን እስከማፈንዳት ያደርሳል። ከሥሯ ትንሽ ዕቃ አስቀምጡና ተጠቀሙበት። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞም ሳታቋርጥ የምታፈስ ከሆነች ግን ትቀየር።

ደረጃ 8፦ ምጣዱ

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት 5 ኪሎዋት ሰዓት አለፈ። ደብተራችሁ ላይ የጋገራችሁበት ቀን ለብቻው ብድግ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

1. በአንዴ ጋግሩ። ሸክላው እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል፤ አንድም እንጀራ ሳይወጣ። በሳምንት ሦስቴ ከመጋገር አንዴ መጋገር ሁለት ማጋያ ያተርፋል፤ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።
2. ሁሉ ነገር ቀርቦ ይብራ። ሊጡ ተስተካክሎ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ፣ ማዝጊያው በእጅ ሲሆን ምጣዱን አብሩ። ምጣድ ግሎ ሊጥ የሚቀጠንበት ቤት መብራቱን በከንቱ እያቃጠለ ነው።
3. አከንባሎው ይግጠም። በጎኑ እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ እንጀራው ለመብሰል ይዘገያል፤ እያንዳንዱ ላይ ሰከንዶች ይጨመራሉ።
4. ማታ አትጋግሩ። ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት ኃይሉ ይወርዳል። ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲቀንስ የምጣዱ ጉልበት ወደ 81 ከመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይግላል፤ ቀስ ባለ ቁጥር ወደ አየር የሚያመልጠው ሙቀት ይበዛል። ጠዋት ወይም እኩለ ቀን ይሻላል።
5. የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ አጥፉ። ሸክላው የያዘው ሙቀት ያወጣቸዋል። ከዚያም በቀረው ሙቀት ቂጣ ጋግሩበት ወይም ቅመም አድርቁበት።

3500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ተራ ማከፋፈያ ላይ ምጣድ አትሰኩ። ስፒናው ከጋገራችሁ በኋላ በእጅ የማይያዝ ከሆነ ወይም ጠቁሮ ከሆነ አቁሙና ባለሙያ ጥሩ፤ ቤት የሚያቃጥለው ይህ ነው። ሸክላው ተሰንጥቆ ሽቦው ከታየም እርጥብ ማሰሻ አታሳርፉበት።

ደረጃ 9፦ ምድጃው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ምድጃውን ከፍ ማድረግ ሙቀቱን አይጨምርም፤ እንፋሎቱን ብቻ ያበዛል። ሲፈላ ዝቅ አድርጉ፤ ክደኑት።

ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደሩ። ፕሬሸር ድስት ካላችሁ ጥራጥሬና ሥጋ በእርሱ ይቀቀል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ልዩነቱ በጣም ይታያል። የድስቱ ቂጥ ከምድጃው ጋር እኩል ይሁን፤ የጎበጠ ድስት ሙቀቱን አይቀበልም። ለሻይ ጠዋት አንዴ አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጉት።

መብራት በምግብ ማብሰያ መሐል ከጠፋ መጀመሪያ ምድጃውን አጥፉ፤ ከዚያ ሻማ ፈልጉ። ሰው ከተኛ በኋላ መብራት ሲመጣ የተረሳ ምድጃ ብዙ ጥፋት ያደርሳል።

ደረጃ 10፦ ፍሪጅና ትናንሾቹ

የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት። በቀላሉ ከወጣ ላስቲኩ ቀዝቃዛ አየር ያሳልፋል። በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠቡት፤ ካልተስተካከለ ይቀየር። ከግድግዳው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ከሶኬት ነቅላችሁ አቅልጡት። በቢላዋ አትፈልፍሉት፤ የጋዙን ቱቦ የበሳ ፍሪጁን ጣለው።

አምፖል ላይ ብዙ አልልም። 60 ዋቱን በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ተኩት፤ በቀን አምስት ሰዓት ለሚበራ አንድ አምፖል በወር ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይተርፋል። ቀድሞውኑ ኤልኢዲ ከሆነ እለፉት። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ማታ ከማከፋፈያው ይጥፉ፤ ሳይቋረጥ የሚሄድ 10 ዋት በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ደረጃ 11፦ ሁለተኛ ጊዜ የሚሠራ ውሃ

የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ በባልዲ ተይዞ ሽንት ቤት ይፍሰስ። ከሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ መቀመጫው ላይ፤ ሳሙናው ላስቲኩን ይጎዳል። ከአንድ ቀን በላይ አታቆዩት፤ ይሸታል።

የክረምት ዝናብ ደግሞ ነጻ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 300 ሊትር ይያዛል። አሸንዳውን አጽዱ፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይሂድ፤ ከዚያ በርሜሉን አስጠጉ። ክዳን ወይም ወንፊት ጨርቅ ይኑረው፤ ካለዚያ ትንኝ ይራባበታል። ለወለል፣ ለልብስ፣ ለአትክልትና ለሽንት ቤት ነው፤ አይጠጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ሶኬት ላይ የሚሰካ «መብራት ቆጣቢ» መግዛት። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ያ ሳጥን እርሱን አይቀንስም። እንዲያውም የራሱ መብራት ትንሽ ይበላል።
- ልጅን በስልክ ቻርጀር መቆጣት። ስልክ በየቀኑ መሙላት በወር ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት አይዘልም። ቦይለሩ በርቶ እያደረ ቻርጀር መንቀል ትርፉ ድካም ነው።
- የሽንት ቤት ሳጥን ውስጥ ጡብ መጨመር። ጡብ ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪው ላስቲኩ ሥር ገብቶ ማፍሰስ ይጀምራል።
- የሚንጠባጠብ ቧንቧን በጉልበት ማጥበቅ። የቀረውን ጎሚኒ ይፈጨዋል፤ ሲብስ መቀመጫውን ይበላዋል።
- የተቃጠለ ቫልቮላን በመዳብ ሽቦ መተካት። ይሠራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቃጠለው ግን ቫልቮላው ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።
- ሁሉን በአንድ ቀን መቀየር። አንዱን ሠርታችሁ አንድ ሳምንት አንብቡ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። ካለዚያ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።
- በብር ማወዳደር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ስለቆየ አጠቃቀማችሁ ቀንሶም ብሩ ላይወርድ ይችላል። ቢል ላይ ያለውን ኪሎዋት ሰዓትና ኪዩቢክ ሜትር አወዳድሩ። የንባቡንም ቀን እዩ፤ አንዱ ቢል የ28 ቀን፣ ሌላው የ35 ቀን ከሆነ ለቀኑ አካፍላችሁ ነው የምታወዳድሩት።